«ባዕዴን» እና «ባዕድ»፦ የቱ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ?

ዓረብ ቤት የሠራች ሁሉ «ባዕዴን»ን ታውቃለች። ደሞዝ ስትጠይቂ «ባዕዴን»፣ ቤተሰብ ጋ ልደውል ስትይ «ባዕዴን»። እዚህ ላይ «ቆይ፣ ሌላ ጊዜ» ማለት ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን አይነገርሽም። ያለፈ ነገር ስትናገሪ ግን ይኸው ቃል «ከዚያ» ማለት ይሆናል። ፖሊስ ወይም ሐኪም ፊት ስትቀርቢ የሚጠቅምሽ በዚህኛው ትርጉሙ ነው።

ችግር የሚያመጣው አጭሩ «ባዕድ» ነው። (የኛው ባዕድ አይደለም፣ በዓረብኛ «በኋላ» ማለት ነው።) በአማርኛ «ደሞዝ ከጠየቅኩ በኋላ መታችኝ» እንላለን፤ «በኋላ» ከነገሩ ቀጥሎ ይመጣል። በዓረብኛ ግን ከነገሩ ይቀድማል። ስለዚህ በአማርኛ አካሄድ «ጠለብት ራቲብ ባዕድ ደረበትኒ» ብትይ፣ ሰሚው «ከመታችኝ በኋላ ደሞዝ ጠየቅኩ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የተመታሽው ደሞዝሽን ስለጠየቅሽ መሆኑ እዚያው ጠፋ ማለት ነው።

ዓረብኛሽ ገና ከሆነ የሆነውን ሁሉ በሆነበት ተራ ተናገሪ፤ መሀል መሀሉን በ«ባዕዴን» አያይዢው፦ «አወል ጠለብት ራቲብ። ባዕዴን ደረበትኒ። ባዕዴን ጠለዕት ሚነል ቤት።» መጀመሪያ ደሞዝ ጠየቅኩ፣ ከዚያ መታችኝ፣ ከዚያ ከቤት ወጣሁ። ቋንቋው አያምርም፣ ግን ማንም አይገለብጠውም። አሠሪሽ «ጠፍታለች» ብሎ አስመዝግቦ ከሆነማ፣ አንቺ ያመለከትሽው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋም እንደዚሁ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሆነሽ ወድቀሽ ከሆነ፣ ደሙ የጀመረው ከመውደቅሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

«በፊት» ባሕረ ሰላጤው አካባቢ «ገብል» ነው፣ ቤሩት ላይ «አብል» ሲባል ትሰሚያለሽ። ይህም ከነገሩ ይቀድማል። «ገብል ሻህሬን» ከሁለት ወር በፊት፣ «ባዕድ ሻህሬን» ከሁለት ወር በኋላ። ቀኑ ከጠፋብሽ «ገብል ረመዳን» ወይም «ባዕድ ኢድ» ማለት ይበቃል፤ ኢድ ሁለት ስለሆነ ግን የትኛው እንደሆነ ጨምሪ።

በኛ አቆጣጠር የያዝሽው ቀንና ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለነሱ 2 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረታችንም ከነሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ነው። ስለዚህ ቀን ስትናገሪ በሐበሻ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ወይም ስልክሽ ላይ ያለውን መልእክትና የጥሪ ታሪክ አሳዪ፤ እዚያ ላይ ቀኑም ሰዓቱም በነሱው አቆጣጠር ሊሆን ይችላል።

ቃልሽን ሲጽፉ «አብጋ ሙተርጂም» (አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በይ። ቤሩት ከሆንሽ «በዲ ሙተርጂም»። የተጻፈው በአማርኛ ከተነበበልሽ በኋላ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት በቦታቸው መሆናቸውን ሳታረጋግጪ አትፈርሚ፣ አሻራም አትስጪ።