ጀልዴሳ በመጻሕፍት ውስጥ፤ የሊቃውንትን ድርሳናት ለአካባቢ ታሪክ ትምህርት ስለ መጠቀም

ከድሬዳዋ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ፣ የሐረርጌ ደጋ ወደ ቆላው ሜዳ በሚወርድበት ግርጌ፣ ጀልዴሳ የምትባል መንደር ትገኛለች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። አንድ መምህር ስለዚህች መንደር ያለፈ ታሪክ ለማስተማር ቢነሣ በተማሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት መሥመር እንኳ ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የጉዞና የሥነ ሰብእ መጻሕፍት የገለጠ ሰው ስሟን ደጋግሞ ያነባል። ይህ ጽሑፍ እነዚያንና ከእነርሱ በኋላ የመጡትን የታሪክና የፖለቲካ ጥናቶች መምህሩ እንዴት ሊያነባቸው እንደሚገባ ለማስረዳት የቀረበ ነው። ለድርጊቶች የኢትዮጵያን፣ ለመጻሕፍት የኅትመት ዘመን ግን የአውሮፓን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተጠቅመናል።

በመጀመሪያ መንደሪቱ ለምን በመጻሕፍት ውስጥ እንደ ገባች መረዳት ያስፈልጋል። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ንግድ መንገድ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። ግመል በቆላው ሜዳ ላይ ወደር የሌለው የጭነት እንስሳ ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ሐረር የሚያወጣው አቀበት አይመቸውም። ስለዚህ ከወደቡ የመጣው ጨርቅ፣ ጨውና የጦር መሣሪያ በጀልዴሳ ከግመል ላይ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር፤ ከደጋው የወረደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ደግሞ በተራው ለግመል ይተላለፋል። ይህ የጭነት ለውጥ ነጋዴውን ቀናት ያስቆመዋል፤ ነጋዴ በቆመበትም ቀረጥ ሰብሳቢ፣ አስተርጓሚ፣ ውኃ ሻጭና ዘበኛ ይሰበሰባል። ቀን የሚቈጥርና ማስታወሻ የሚጽፍ የውጭ አገር ሰውም እዚያው ይቆማል። በአጭሩ ጀልዴሳ የተጻፈባት ግመል አቀበት ስለማይወድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግብጹ ከዲቭ ኢስማኢል ጦር በራኡፍ ፓሻ መሪነት በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዝ የመጣው በዚሁ መንገድ ነበር። የዚያው ጦር መኮንን የነበረው ሙሐመድ ሙክታር ስለ ሐረር አገር ያዘጋጀው ጽሑፍ በካይሮ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ላይ ታትሞአል። ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ከለቀቁ በኋላ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዘ። በሚያዝያ 1878 ዓ.ም. በኮንት ፖሮ የሚመራው የጣሊያኖች ጓድ በጀልዴሳ አጠገብ በአሚሩ ሰዎች ተገደለ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል ነሥተው ሐረርን ያዙ። ባለቅኔነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታምሞ በቃሬዛ ከሐረር ወደ ዘይላ ሲወርድ በጀልዴሳ አልፎአል።

ይህ ሁሉ ድርጊት በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የተፈጸመ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በፊት ስለ አካባቢው በአውሮፓ የታወቀው ሥራ የእንግሊዛዊው የሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1856 የታተመው መጽሐፍ ነው። በርተን ሐረር የገባው በ1847 ዓ.ም. ሲሆን በከተማይቱ የቆየው ዐሥር ቀን ብቻ ነበር። ስለ ሕዝቡ ጠባይ፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ሃይማኖቱ ግን ብዙ ገጽ ጽፎአል። በዐሥር ቀን የተማረውን ያህል አንድ መንግሥት በሠራዊቱ ላከው፤ የእርሱም ጥናት ከዚያ መንግሥት ፍላጎት ተለይቶ አይታይም። ይሁንና መጽሐፉን በዚህ ምክንያት ወደ ጎን መጣል ስሕተት ይሆናል። ለምሳሌ እንግዳው መንገደኛ በየጎሣው ክልል ለማለፍ «አባን» የሚባል ጠባቂና ዋስ መያዝ እንዳለበት በርተን በዝርዝር ይተርካል። ይህ ሥርዓት የቆላው ሕዝብ ንግድን በራሱ ሕግ ያስተዳድር እንደነበረ የሚያሳይ ነው። ጸሐፊው ይህን የነገረን በአባኖቹ እየተማረረ ሳለ ነው፤ ቅሬታው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የኦስትሪያዊው ምሁር የፊሊፕ ፓውሊችከ ሥራ ነው። ፓውሊችከ በ1877 ዓ.ም. ሐረርን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ሐረር፣ በ1893 እና በ1896 ደግሞ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ባህል በሁለት ክፍል አሳትሞአል። የቤት ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ፣ ጌጥ፣ ልማድና እምነት አንድ በአንድ የተመዘገቡበት በመሆኑ ዛሬም የሚጠቀስ መዝገብ ነው። ሆኖም ሕዝቡን አፋር፣ ኦሮሞና ሶማሌ ብሎ በሦስት መደብ ከፍሎ ያስቀምጣል፤ ለአፋርና ለኦሮሞ የተጠቀመባቸውም ስሞች ሕዝቦቹ ራሳቸውን የማይጠሩባቸው ናቸው። በተለይ ለኦሮሞ የዋለው ስም አዋራጅ በመሆኑ መምህሩ ከመጽሐፉ አንዳች ነገር ሲጠቅስ በትክክለኛው ስም መተካት፣ ለበሰሉ ተማሪዎች ግን ስሙ ለምን እንደ ተተካ ማስረዳት ይኖርበታል።

የሦስቱ መደብ አከፋፈል ችግር ጎልቶ የሚታየው በጀልዴሳ ዐይነት ቦታ ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩትን ጉርጉራዎችን እንውሰድ። በትውልድ ሐረጋቸው ከሶማሌው ዲር ጋር ይቈጠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ጥቂቶች አይደሉም። ስማቸውም መሸጥ ከሚለው የኦሮምኛ ግሥ ጋር ይመሳሰላል። እነዚህ ሰዎች በየትኛው ሣጥን ይገቡ? ቋንቋን መለኪያ ያደረገ ተመራማሪ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ዘርን የቈጠረ ሌላ መልስ ይሰጣል። ሁለቱም አልዋሹም። ሰዎቹ ግን ለግጦሽ፣ ለጋብቻና ለገበያ ሲሉ ሁለቱንም ዘመድነት ይዘው ሲኖሩ ኖረዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ስለ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ስለ አይ. ኤም. ሉዊስ መናገር ይገባል። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ሶማሌ፣ አፋርና ሳሆ ሕዝቦች አንድ የማጣቀሻ መጽሐፍ፣ በ1961 ደግሞ ስለ ሶማሌ አርብቶ አደሮች የፖለቲካ ሥርዓት ታላቅ ጥናቱን አሳትሞአል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። የመጀመሪያው ደራሲው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ቀደም ሲል ከታተሙ ጽሑፎች አጠናቅሮ ያዘጋጀው ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረው የሶማሌ ግዛት ከሰዎች ጋር ኖሮ የጻፈው ነው። እንግዲህ አንድ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ባለሙያ «ሦስት መጻሕፍት ይህን ይመሰክራሉ» ብሎ ሲጽፍ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀዳ ሊሆን ስለሚችል በእጁ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሱም ምናልባት በጀልዴሳ ሁለት ሌሊት ያደረ መንገደኛ ይሆናል።

ሉዊስ የሶማሌን ኅብረተሰብ በዘር ሐረግ ላይ ብቻ አቁሞታል በሚል በኋላ ዘመን በሶማሌ ምሁራን ተተችቶአል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓሊ ጂማሌ አሕመድ አዘጋጅነት የታተመው የጥናቶች ስብስብ ከዚህ ትችት ዋነኞቹ አንዱ ነው። የኢሳን ሕግ ከውስጥ ሆኖ ያጠናው ደግሞ የጅቡቲው ተወላጅ ዓሊ ሙሳ ኢዬ ነው። በፈረንሳይኛ የጻፈው መጽሐፍ፣ ርእሱ «የዛፉ ፍርድ» ማለት ሲሆን፣ በቃል ሲተላለፍ የኖረውን «ሔር» የተባለውን የኢሳ ሕግ፣ የአርባ አራቱን ሽማግሌዎች ጉባኤና የኡጋሱን ሥልጣን ያብራራል። በርተን በምሬት ያየውን ሥርዓት ይህ ደራሲ እንደ ሕገ መንግሥት ያነበዋል። ሕጉም በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሮአል። ስለ ኦሮሞው በኩል አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ (እ.ኤ.አ. 1973)፣ መሐመድ ሐሰን ስለ ኦሮሞ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1990) የጻፉአቸው መጻሕፍት ዋና መነሻ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው ያተኮረው በቦረና፣ ሁለተኛው በጊቤ አካባቢ በመሆኑ ወደ ሐረርጌ ቆላ ሳያመዛዝኑ ማዛወር አይገባም።

የታሪክ መጻሕፍት በበኩላቸው ጀልዴሳን የሚያዩአት ከመካከለኛው መንግሥት ወደ ዳር ሲመለከቱ ነው። የሪቻርድ ፓንክረስት የኢኮኖሚ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1968) ለንግድ መንገዶች፣ የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1991) ለዘመኑ ፖለቲካ የሚታመኑ መሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ዐይነት መጻሕፍት የምንማረው ዋና ነገር ግን የባቡር ሐዲዱ ጉዳይ ነው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። ሐዲዱ አቀበቱን ወደ ሐረር አልወጣም፤ ጀልዴሳንም አልነካም። ግመልን ከበቅሎ የሚያገናኘው ሥራ በጣቢያው ተተካ፤ ነጋዴውም ወደ ጣቢያው ተከተለ። መጻሕፍቱ ከዚህ በኋላ ስለ ጀልዴሳ ዝም ይላሉ። ጸጥታቸው የሚነግረን ጸሐፊዎቹ በባቡር መሄድ መጀመራቸውን ነው እንጂ በመንደሪቱ ሕይወት መቆሙን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የድሬዳዋ ይዞታ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል አከራካሪ ሆኖ በመቆየቱ ከተማዪቱ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ሆና በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጣት። በ1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን ላይ ባሉ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የድሮ መጻሕፍት እንደ ርስት ደብተር ይገለጣሉ። በበጋ ወራት ያለፈው መንገደኛ ከውኃው ጉድጓድ ዙሪያ የኢሳን ግመሎች አይቶ «የኢሳ አገር» ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ በክረምት ያለፈው የኦሮሞውን ማሽላ አይቶ ሌላ ጽፎ ይሆናል። አርብቶ አደር በሚንቀሳቀስበት አገር የመንገደኛ ማስታወሻ የአንድ ወር ሥዕል ነው። ከዚያ ላይ የወሰን መሥመር ማስመር መጽሐፉ ያልተጻፈበትን ሥራ ማሠራት ነው። የፖለቲካ ጥናት ለሚፈልግ ፕላን አዘጋጅ የአሰናቀ ከፋለ ስለ ፌዴራሊዝምና የብሔረሰብ ግጭት (እ.ኤ.አ. 2013) ይጠቅማል፤ የወሰን ክርክር ማንነትን እንዴት እንደሚያጠነክርና እንደሚለዋውጥ ያሳያልና።

በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአካባቢው ታሪክ በሦስቱ ቋንቋዎች ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ሆኖ እንዳይቀርብ መዘጋጀት ያሻል። ሁለት ቋንቋ ይዞ ከቤቱ የመጣ የጉርጉራ ልጅ በክፍል ውስጥ አንዱን ብቻ የራሱ አድርጎ እንዲመርጥ በመጽሐፍ ስም መገደድ የለበትም።

ለሥራው የሚጠቅም አንድ ቀላል ነገር እንጨምር። በአውሮፓ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ ጀልዴሳ በአንድ ስም አትገኝም፤ ጊልዴሳ፣ ጌልዴሳ፣ ጃልዴሳ እየተባለች ስለ ተጻፈች ፈላጊው በላቲኑ ፊደል በሁለቱም፣ በ«ገ»ና በ«ጀ» ድምፅ በሚነበቡት ፊደላት ሥር መመልከት አለበት። በኦሮምኛ ጀልዴሳ ማለት ዝንጀሮ ነው። ስሙ ለመንደሪቱ ከዚህ መጥቶ እንደ ሆነ፣ ወይም በሶማሊኛ ተናጋሪው ዘንድ ሌላ ትርጓሜ ይሰጠው እንደ ሆነ፣ ተማሪዎች በየቤታቸው ካሉ ሽማግሌዎች ጠይቀው የሰሙትን ከነተናጋሪው ዕድሜና ቋንቋ በደብተር ቢመዘግቡ፣ የጉድጓዶቹን ስምና ግመል ያከራዩ የነበሩትን ቤተ ሰቦች ቢጨምሩበት፣ መምህሩ ከፓውሊችከ ገጽ ጎን የሚያስቀምጠው ጽሑፍ ያገኛል።