ቀለሙ መጨረሻ ነው፦ አሮጌ ፒክአፕ ስለማደስ ተረትና እውነታ

ፈረስ የሚያውቅ የአዊ ሰው ኮርቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ እግሩን አንስቶ ኮቴውን ይመረምራል፤ ጥቂት አስጋልቦ ትንፋሹን ያዳምጣል። ጌጡና ጥልፉ ለጥር 23 ነው፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ለሚያከብርበት ቀን። ይኸው ሰው ግን አባቱ የተዉለትን አሮጌ ፒክአፕ ከጓሮ አውጥቶ ሊያድስ ሲነሳ ጥርሱን ማየት ይረሳና ከኮርቻው ይጀምራል፦ ከቀለሙ፣ ከመቀመጫው ልብስ፣ ከሚያብረቀርቀው ቸርኬ።

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የአዊ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ፒክአፕ በቆሎና ዳጉሳ ጭኗል፣ ሙሽራና በሽተኛ አመላልሷል። በአዲስ አበባም «ውይይት» ይባሉ የነበሩት ታክሲዎች ትናንሽ ፒክአፖች ነበሩ፤ ተሳፋሪው ከኋላ በአግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሄድባቸው ነበር። ዛሬ አሮጌ መኪናን መጠበቅ ከናፍቆትም በላይ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ያለውን ማደስ እንግዲህ የትርፍ ጊዜ ደስታም ብልሃትም ሆኗል።

ችግሩ የጋራዥ እውቀት በአብዛኛው በጆሮ የሚወረስ መሆኑ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ የሚሉት የጣሊያን ቃላት ከዋናው መካኒክ ወደ ረዳቱ በአፍ እንደተላለፉ ሁሉ፣ ጥበቡና ተረቱም ተቀላቅለው ተላልፈዋል። ከተረቶቹ ብዙዎቹ ከባዶ አልመጡም፤ በአንድ ወቅት መንገድ ላይ የቀረ ሾፌር ጭነቱን ለማድረስ የዘየዳቸው መላዎች ነበሩ። ለአንድ ቀን የተዘየደው መላ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር ሕግ ሆነ።

ተረት 1፦ «ሂሉክስ አይሞትም»

እውነታው፦ የመጀመሪያው ቶዮታ ሂሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ አራቱንም ጎማ የሚነዳው በ1979 ተከተለ። ዝናው ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት የ1988 ሂሉክስን ባሕር ውስጥ ከትቶ፣ በእሳት አቃጥሎ፣ በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ አስቀምጦ እንደገና አስነስቶታል። ያ ፈተና ያሳየው ግን ሞተሩ መነሳቱን ነው፤ 30 ክረምት ያለፈበት ሻንሲ ምን እንደሚመስል አላሳየም። ራሱ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሻንሲያቸው በዝገት በተበሉ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ መኪኖች ሳቢያ ለቀረበበት ክስ 1.5 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት ስምምነት አድርጓል።

እዚያ የዝገቱ መንስኤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚነሰነስ ጨው ነበር። እኛ ጋ ጨው የለም፤ ጭቃ ግን አለ። የአዊ ክረምት ረጅም ነው፤ በሻንሲው ክፍተትና በባሌስትራው ማሰሪያ ዙሪያ የገባ ጭቃ እስከ መስከረም እርጥበት አቅፎ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ መዶሻ ነው። መኪናው ሥር ገብቶ ሻንሲውን ቀስ እያሉ መምታት፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል።

«ላንድ ሮቨር ግን አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1948 ላንድ ሮቨር ሲጀመር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለጠፋ ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለቱ ማዕድናት በተነካኩበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ደግሞ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ተረት 2፦ «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፤ ቢጋጭም ያድናል»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠና የኢንሹራንስ ተቋም የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት አጋጨ። የአሮጌው ጋቢና ተጨፍልቆ መሪው ወደ ሾፌሩ ገባ፤ ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። የአዲሱ ሾፌር ግን እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ቢደርስበት ነው። ዘመናዊ መኪና የፊት ክፍሉ እየተጨራመተ የግጭቱን ኃይል እንዲውጥ፣ ጋቢናው ግን እንዳይታጠፍ ተደርጎ ይሠራል። አሮጌ ፒክአፕ ይህ የለውም። ስለዚህ የሚያድስ ሰው ቀበቶ ከሌለው ጠንካራ ማሰሪያ አበጅቶ ቀበቶ ያስገባ፤ ሰውንም ከኋላ ጭነት ላይ አያሳፍር።

ተረት 3፦ «ስቱኮና ቀለም ካገኘ አዲስ ሆነ»

እውነታው፦ ስቱኮ ትንሽ ጉድጓድ ማለስለሻ እንጂ የብረት ምትክ አይደለም። በዝገት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ ውሎ አድሮ ቀለሙ እንደ አረፋ ይነሳል። ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ላሜራው ላይ ሲያሳልፉት የሚወድቅበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ አለ። ትክክለኛው መንገድ የተበላውን ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ እስከ ባዶ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና በዚያው ቀን ዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት ነው። በክረምት ባዶ ላሜራ አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቃል።

ተረት 4፦ «ሞተሩ ከሞቀ ቴርሞስታቱ ይውጣ፤ ኩላንት የብርድ አገር ነው»

እውነታው፦ ይህ ከመንገድ መላዎች ሁሉ የቆየው ነው። ቴርሞስታት ተበላሽቶ አልከፈት ሲል፣ ምትክ በሌለበት ገጠር፣ አውጥቶ መጣል ያን ዕለት አዋጥቷል። ለዘለቄታው ግን ይጎዳል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ ያቆያል፤ ከሌለ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይገባ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። እነዚህ ላይ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ሊያበርዱት የፈለጉት ሞተር ጭራሽ ይሞቃል።

ወደ ውሃው እንምጣ። ጫግኒ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ተራ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው እንጅባራ ላይ 92 ዲግሪም ሳይሞላው ይፈላል። የብዙ ሞተሮች መደበኛ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ነው። መሐሉ ያለውን ቀጭን ልዩነት የሚያሰፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ኩላንት ነው፤ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ራዲያተሩንና ቴስታታውንም ከውስጥ ዝገት ይጠብቃል። ሌላው ብዙዎች የሚንቁት የራዲያተር ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያ ነጥቡን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያባክናል። 2ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር በሙቀት ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ የዚህ ሞተር ባለቤት አዲስ ክዳን ለመግዛት ባይሳሳ ይበጀዋል።

ተረት 5፦ «ካርቡራተር አንዴ ከተስተካከለ የትም ይሠራል»

እውነታው፦ ካርቡራተር ቤንዚኑን የሚለካው በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ጫግኒ ሲደርስ አየሩ ይበዛበትና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ዳገት ላይ ያንኳኳል። ጫግኒ ላይ የተስተካከለው ደግሞ እንጅባራ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ማስተካከያው የሚሠራው መኪናው በሚውልበት ከተማ ነው። የካንዴላው ቀለም ምስክር ይሆናል፦ ፈካ ያለ ቡናማ ጤና ነው፣ ጥቁር ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ አንሷል።

ተረት 6፦ «ላረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት»

እውነታው፦ ወፍራም ዘይት የሞተሩን ድምፅና ጭስ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል፤ መኪና የሚሸጥ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። በብርድ ጠዋት ግን ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ቶሎ አይደርስም፤ የሞተር ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ በሚነሳባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። መጀመሪያ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ማስለካት ይሻላል። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ፋብሪካው ያዘዘው ዘይት ይበቃዋል፤ ዝቅ ካለም ዘይት አያድነውም።

ተረት 7፦ «የዛሬ ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው የድሮ ሞተር ይገድላል»

እውነታው፦ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ካለበት ቤንዚን የተላቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው፤ አሮጌ ሞተሮች ግን ዛሬም ይሠራሉ። እርሳሱ ለስላሳ የብረት መቀመጫ ያላቸውን ባልቦላዎች ይጠብቅ እንደነበር እውነት ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን ሞተሩ ለረጅም ሰዓት በከባድ ጭነት ሲሠራ ነው። ቴስታታው ለሌላ ሥራ ሲወርድ ቶርኖ ቤት ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነገሩን ይዘጋዋል።

ተረት 8፦ «የፍሬን ዘይት ካልጎደለ አይቀየርም»

እውነታው፦ ከእንጅባራ ጫግኒ ሲወረድ 900 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፤ ስለዚህ ይህ ተረት ከሁሉም አደገኛው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ በእንፋሎት ይሞላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። መጠኑ አንድ ጠብታ ሳይጎድል ፍሬን ጠፋ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር፣ ዓመታት ለቆመ መኪና ደግሞ የፍሬን ፖምፓዎቹን ጎማና የጎማ ቱቦዎቹን አብሮ መቀየር ግድ ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድም የዚሁ ተረት ወንድም ነው። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ሲያቆም ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ግን ተረት አይደለም፤ ከነሙሉነቱ ይጠበቅ።

ተረት 9፦ «መለዋወጫ የለውም»

እውነታው፦ ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው ምርት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ሐረር ውስጥ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሠርቷል። የአዲስ አበባ ቮልሶችም እንዲሁ። ያቆያቸው የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራና ቶርኖ ቤት ነው። ፒክአፕ ደግሞ ከነዚህ የተሻለ ዕድል አለው፤ ቶዮታ አንዱን ሞተር በተለያዩ መኪኖቹ ላይ ስለተጠቀመበት የአንዱ ፒስቶን ለሌላው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ለተመረተው የላንድክሩዘር 40 ቤተሰብ ደግሞ ኩባንያው የተቋረጡ ዕቃዎችን ዳግም እንደሚያመርት በ2021 አስታውቋል። ቶርኖ ቤት የማይቀረጽ ቡሽ ጥቂት ነው። የፍሬንና የመሪ ዕቃ ግን አይቀረጽም፣ አይበየድም፤ ይገዛል።

ተረት 10፦ «መኪናው የኔ ነው፤ ሞተር ብቀይር ማን ያገባዋል?»

እውነታው፦ ሊብሬው ያገባዋል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ቀለሙም ሳይቀር እዚያ ተጽፏል፤ ለውጥ ሲኖር መመዝገብ አለበት። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ ካልገጠመ የሁለት ዓመት ድካም ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ዝገት ሲፈገፈግ የሻንሲ ቁጥሩ አብሮ እንዳይጠፋ ቦታውን አስቀድሞ መለየት፣ ፎቶ ማንሳትና እዚያ ላይ መፋቂያ ማሽን አለማሳረፍ ነው።

እነዚህ ተረቶች በተፈጠሩበት ሰዓት ሾፌሩ ያጣው አንድ ነገር ጊዜ ነበር፤ ገበያው ሳይበተን መድረስ ነበረበት። መኪና ለፍቅር የሚያድስ ሰው ያለው ሀብት ደግሞ ያው ጊዜ ነው፤ የሚያስቸኩለው ጭነት የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሊጠብቅ ይችላል፦ መጀመሪያ ሻንሲ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣና ሞተር፣ ከዚያ መብራትና ሽቦ፣ በመጨረሻ ቀለም።

ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው አንድ ቀን ፀሐይ የበላውን ፒክአፑን ይዞ ወደ እንጅባራ ሲወጣ፣ ዳገቱ መሐል እንደ መስታወት የሚያበራ ሌላ ፒክአፕ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ ያገኝ ይሆናል። ወግ ነውና ቆሞ ውሃ ያቀብለው። ክዳኑን ግን ሳይበርድ እንዳይከፍት ይንገረው።