ስለ ገንዲ በሽታ በጋሞ ደጋና ቆላ

የጋሞ ምድር ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ጉጌ ተራሮች ይወጣል። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ከብት የሚረባው ለወተት ብቻ ሳይሆን ለፍጉም ነው፤ ፍግ ያላገኘ የእንሰት ማሳ ይደክማልና። በቆላው ደግሞ ማረሻ የሚጎትተው በሬ ነው። ስለዚህ ገንዲ የገባበት ገበሬ የሚያጣው በረቱን ብቻ ሳይሆን እርሻውንም ጭምር ነው።

የበሽታው መንስኤ ትሪፓኖሶም የተባለ በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ሕዋስ ሲሆን፥ አስተላላፊው የቆላ ዝንብ መሆኑን ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሉላንድ አስረድቷል። የታመመው ከብት ግጦሽ ሳይጎድለው ይከሳል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ ፅንስ ይጨነግፋል። ዝንቡ የደጋውን ብርድ ስለማይችል በወንዝ ዳር ጥሻ ይኖራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወርና ገበሬውም ወደ ቆላ ሲወርድ ከብቱ ከዝንቡ ጋር ተገናኘ።

የተለመዱት መድኃኒቶች ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም ናቸው። ይሁን እንጂ መጠኑ ተቀንሶ በተደጋጋሚ ሲሰጥ ሕዋሱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ይህም በግቤ ሸለቆ ታይቷል። ከዚህ የተነሣ ዝንቡን ራሱን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፕሮጀክት ተጀመረ። ዘዴውም አስቀድሞ የዝንቡን ብዛት በወጥመድና በፀረ ተባይ መቀነስ፥ ቀጥሎም በጨረር የመከኑ ወንዶችን መልቀቅ ነው። ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ የምትጠቃው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ከመካን ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም።

በዚሁ ዘዴ የዛንዚባሩ ኡንጉጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ነጻ ወጥቷል። ኡንጉጃ ግን በባሕር የተከበበ ደሴት ነው፤ በጋሞ ቆላ በነጭ ሳር ያሉት ከርከሮና ድኩላ ዝንቡን ይመግባሉ፥ ከአጎራባች ሸለቆም ሌላ ዝንብ ይገባል። ወጥመዱን የሚጠብቀውና ከብቱን ፀረ ተባይ የሚቀባው በመጨረሻ ባለከብቱ ነው። ስለሆነም ዝንቡን የሚቆጥረው የእንስሳት ሐኪም፥ ከብቱ በየትኛው ወር ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወርድ፥ በማን አደራ እንደሚጠበቅ፥ መድኃኒቱንም ማን እንደሚወጋ ከእረኛው ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። ይህ ካልተጠና መንጋው የዳነበትን ሸለቆ ዝንቡ ተመልሶ ይይዘዋል።