ኪስ ውስጥ ያለው ጥጥ

በሱሪ ኪስ ተረስቶ ከልብስ ጋር የታጠበ ገንዘብ ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። አብሮት የነበረው ደረሰኝ ሟሙቶ ያልቃል፤ ኖቱ ግን ፀሐይ ላይ ደርቆ ወደ ገበያ ይመለሳል። የወረቀት ገንዘብ እንበለው እንጂ የሥጋ ዘመዱ ደብተር ሳይሆን ነጠላ ነው።

ደብተርና ጋዜጣ በአብዛኛው ከእንጨት ይሠራሉ። የብዙ አገር ገንዘብ መሠረቱ ግን ጥጥ ነው። የአሜሪካን ዶላር ብንወስድ 75 በመቶው ጥጥ፣ 25 በመቶው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለው ነው። አዎን፣ ያው በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ! እኛ ፍሬውን እንወስዳለን፤ ለጨርቅና ለገንዘብ የሚፈለገው የአገዳው ልጥ ነው። ይህን ወረቀት ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሜሪካ መንግሥት የሚያቀርበው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዳልተን ከተማ ያለው ክሬን ኩባንያ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የጥጡ ምንጭ ነው። ለፈትል የማይበቃ አጭር ጥጥ፣ የፋብሪካ ትርፍራፊ ነው። ቀድሞ የጂንስ ቁርጥራጭም ይገባበት ነበር። ጂንስ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር ይቀላቀልበት ጀመርና ያ ምንጭ ነጠፈ፤ የዚህ ክር ቅንጣት ወረቀቱን ያበላሸዋልና።

ጥጡ ተቀቅሎ፣ ነጥቶና ተደቁሶ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። ውሃው በወንፊት ሲወርድ ጭረቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይቀራሉ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ፣ ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው። የደኅንነት ክሩ የሚቀበረው፣ የውሃ ምልክቱም የሚቀረጸው በዚህ ሰዓት ነው። ኖቱን ወደ ብርሃን ስናነሣ ብቅ የሚለው ምስል ቀለም አይደለም፤ የወረቀቱ መወፈርና መሳሳት ነው። አስመሳዩ ቀለሙን ቢቀዳ እንኳ ይህን በማተሚያ ማሽን አያገኘውም።

ጥጥን የተወም አለ። አውስትራሊያ በ1988 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ኖት አወጣች፤ በ1996 ሁሉንም ኖቶቿን ቀየረች። ፕላስቲኩ ውሃና እድፍ አይገባውም፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

በጥጡ ኖት ላይ የሚታተመው ቀለም ደግሞ ወፍራም ነው። በብረት ላይ ከተቀረጸ ቦይ በከባድ ጫና ተጨምቆ ስለሚወጣ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይደርቃል። ዘመኑን ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ የባንክ ሠራተኛ ሐሰተኛውን ከመቶ ኖት መካከል ሳያይ የሚለየው ለዚህ ነው፤ ጣቱ የጥጡን ሻካራነትና የቀለሙን ጉብታ ለምዷል።