የከበሮው ግርማ በስልክ መስመር

ሥርዓተ ማኅሌት በቆመበት ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የተገኘ ሰው ጆሮው ሦስት ነገር በአንድነት ይቀበላል፤ ከታች የከበሮውን ድምድምታ፣ ከመካከል የሊቃውንቱን ዜማ፣ ከላይ የጸናጽሉን ቅጭልጭልታ። ይህንኑ ማኅሌት ቀፎ አንሥቶ በተለመደው ስልክ ለሩቅ ወዳጁ ቢያሰማ ግን ወዳጁ የሚያገኘው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ስልክ ሲሠራ ለንግግር ታስቦ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳልፍ ስለ ተወሰነለት፣ ከዚያ በታች የወረደው የከበሮ ግርማ፣ ከዚያም በላይ የወጣው የጸናጽል ጥራት በመንገድ ይቀራል። ለወሬና ለሰላምታ ይህ በቂ ነው፤ የአቋቋም ምስክር ለሆነችው ለጎንደር በዓታ ዜማ ግን በቂ ነው ለማለት አልደፍርም።

የራዲዮ ሰዎች ይህን ችግር ለማቃለል የተጠቀሙበት መንገድ አይ ኤስ ዲ ኤን የሚባለው ዲጂታል የስልክ መስመር ነበር። በዲጂታል ስልክ ድምፁ በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት ይጻፋልና በሴኮንድ 64000 ቢት ይጓዛል። ተራው የአይ ኤስ ዲ ኤን መስመር እንዲህ ያሉ ሁለት ቦዮች፣ ለጥሪውም ሥርዓት የሚያገለግል ሦስተኛ ትንሽ ቦይ ይዟል። የሚያስደንቀው ግን ከመስመሩ ይልቅ የአጻጻፉ ብልሃት ነው፤ ጂ 722 የተባለው ዘዴ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በመስፈርትነት የጸደቀው፣ በዚያው በአንዱ ቦይ እስከ 7000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ሁለቱ ቦዮች ሲጣመሩና ረቀቅ ያለ የድምፅ ማመቂያ ሲታከልባቸው ደግሞ 15000 ሄርዝ ይደረሳል። ይህን ጽሕፈት የሚጽፈውና የሚያነበው መሣሪያ ኮዴክ ይባላል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ዘዴ ካልተመረጠ መስመሩ ቢገናኝም ድምፅ አይሰማም።

መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ ኮዴኩን ሲያስብ ሌላውን ይዘነጋል። ማይክሮፎን የሚያወጣው ኃይል እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በሚክሰር በኩል አድጎ ወደ ኮዴክ ይገባል፤ ኮንደንሰር የሚባለውም ዓይነት ካለ 48 ቮልት ይሻል። ከበሮ መቺው ለማይክሮፎን በጣም የቀረበ እንደ ሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ምት የመለኪያው መርፌ ቀዩን ይነካል፣ የመዘምራኑም ድምፅ ይዋጣል፤ ስለዚህ አንዱን ማይክሮፎን ወደ ሊቃውንቱ ከፍ አድርጎ ማቆም፣ ከበሮውን ከራቀ ስፍራ መያዝ ይገባል። የኤሌክትሪክ መሬታቸው ካልተስማማ መሣሪያዎች የሚመጣ እምምታ ሲሰማ መካከል ላይ ድምፅ የሚያገል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው የመመለሻው ድምፅ ነው፤ ስቱዲዮው ለዘጋቢው የሚልክለት ሁሉም ነገር የዘጋቢው የራሱ ድምፅ የተቀነሰለት መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ ቃሉ በጥቂት ዘግይቶ ወደ ጆሮው እየተመለሰ አንደበቱን ያስረዋል።

አሁን አይ ኤስ ዲ ኤን በብዙ የአውሮፓ አገሮች እየተነሣ ነው፤ ኮዴኩም በኢንተርኔትና በሞባይል ዳታ ይሠራል። በ2012 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ የወጣው ኦፐስ የተባለው ዘዴ እስከ 20000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ማሳለፍ ይችላልና፣ በጃናሞራ ባለችው በመካነ ብርሃን፣ ከስሜን ተራሮች ማዶ፣ የሚከበረውን በዓል ለማስተላለፍ የሚነሣ ሰው እንደ ቀድሞው ልዩ የስልክ መስመር እስኪዘረጋለት መጠበቅ የለበትም። መሣሪያው ቀለለ፤ ጥንቃቄው ግን አልቀነሰም። በደጋ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓት ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት ሲም ካርድ፣ ረዥም ገመድና የጆሮ ማዳመጫ ከዋዜማው በፊት ይዘጋጁ። ስርጭቱ በመካከል ቢቋረጥ ያ ማኅሌት ለስቱዲዮው እንዳይጠፋ፣ ከሚክሰሩ ሁለተኛ መውጫ ላይ መቅጃ ተገናኝቶ ከመጀመሪያው ዜማ አስቀድሞ ይከፈት።