ስለ መኪና ቴፕ አመራረጥ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ጠዋት ታክሲ ሲጠብቅ የቆየ ሰው የከተማችንን የቴፕ ጤንነት በጆሮው ብቻ ሊመረምር ይችላል። አንዱ ሚኒባስ በሩን ሲከፍት ዜናው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሚቀጥለው ዘፈን ይሁን መዝሙር የማይለይ ጉርምርምታ ያወጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የበሩ ላሜራ አብሮት ይንቀጠቀጣል። በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጋር ስለተላመድን ነገሩን እንደ ዕጣ ፈንታ ቆጥረነዋል። ይሁን እንጂ የድምፁ መበላሸት ከዋጋው ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሲገዛና ሲገጠም ሳይጠየቅ ከታለፈ ነገር ነው።

ይህን ርዕስ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በዕቁብና በብድር የገዛ ወጣት ሠራተኛ መኪናውን ቶሎ ይለውጣል ተብሎ አይታሰብም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ከፍ ብሏል። እንግዲህ መኪናው የሚቆይ፣ ገንዘቡም የማይተርፍ ከሆነ፣ ለቴፕ የሚወጣው ብር በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ዋጋ ቈርጠን አንጽፍም፤ ዛሬ የጻፍነው ለሚመጣው እሑድ ላይሆን ይችላልና።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ሳይሆን «ያለኝ ምን ሆነ?» የሚለው ነው። በተለይ ቪትዝ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ልብ በሉ። ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ይጠቀምበት የነበረ ስም ሲሆን፣ በአውሮፓ ያው መኪና ያሪስ ይባላል። ከእነዚህ ቪትዞች ውስጥ በጃፓን አገር ሲነዱ ቆይተው፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ወደ እኛ የደረሱ አሉ። መሪው ሲዞር ራዲዮው ግን አልዞረም። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ከ90 በላይ ያለው ስፍራ ለቴሌቪዥን ተይዞ ስለነበር ራዲዮው ለብዙ ዘመን የሚያበቃው በ90 ላይ ነበር። የእኛ አገር ኤፍ ኤም ግን እንደ አብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ ራዲዮ ክልል ውጭ ይሆናሉ። ባለመኪናው ራዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ደኅናውን የፋብሪካ ቴፕ አስነቅሎ ሌላ ይገዛል።

ለዚህ ችግር ባንድ ኤክስፓንደር የሚባል፣ ከአንቴናው ሽቦ ጋር የሚገጠም ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማይበልጥ ዕቃ አለ። ሥራው መቀነስ ብቻ ነው። ባለ 20 ከሆነ ከጣቢያው ቁጥር ላይ 20 ይቀንሳል፤ ሸገር በ82.1፣ ፋና በ78.1 ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን አሐዱ 94.3 በዚሁ ስሌት 74.3 ስለሚሆን ከ76 በታች ወርዶ ይጠፋል። ባለ 14 ብትገዙ አሐዱ በ80.3፣ ሸገርም በ88.1 ላይ ይሰማሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚቀረው ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ነው፤ 93.8 ሆኖ ከ90 ይዘላልና። (በኋላ ዘመን የተሠሩት የጃፓን ራዲዮዎች ከ90 አልፈው ስለሚሄዱ ለእነርሱ ይህ ላይቸግር ይችላል።) እንግዲህ የምትወዷቸውን ጣቢያዎች ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ መደመርና መቀነስ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ሱቅ ብትሄዱ፣ አዲስ ቴፕ የመግዛቱ ነገር ምናልባት ጨርሶ ሊቀር ይችላል።

መግዛት ግድ ከሆነ መስፈሪያ ያዙ። የተለመደው ባለ አንድ ፎቅ ቴፕ ስፋቱ 18፣ ቁመቱ 5 ሳንቲሜትር ነው፤ ባለ ሁለት ፎቁ 18 በ10 ነው። ቶዮታ ለራሱ የሚሠራው ግን ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ሌላ ቴፕ ሲገባበት ግራና ቀኙ አንዳንድ ሳንቲሜትር ክፍት ይቀራል። ይህን የሚሸፍን ፍሬም ለብቻው ይሸጣል። ሻጩ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ገጣሚው በካርቶንና በፕላስተር ይደፍነዋል።

ስለ ዋት የሚነገረው ደግሞ አብዛኛው ወሬ ነው። በካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ለቅጽበት የሚደረስበት ጣራ እንጂ የዘወትር ኃይል አይደለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሠራ እንኳ ከ14 ቮልት ብዙም አይዘልም። ከዚህ ቮልት ላይ ባለ 4 ኦም ስፒከር በንጹሕ ድምፅ ሊያገኝ የሚችለው ሲሰላ ከ25 ዋት አይበልጥም፤ በሥራ ላይ ደግሞ 20 ግድም ነው። በመመሪያው ውስጥ አር ኤም ኤስ ተብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ። ከፊቱ «1000 ዋት» የሚል የተለጠፈበትን ቴፕ ያየ ሰው፣ ዕቃውን የሠራው ሰው በሌላውም ነገር እንደማይዋሽ ምን ዋስትና አለው?

እንዲያውም በእኛ ግምት ገንዘብ ጠባብ ለሆነበት ሰው ስፒከር ከቴፕ ይቀድማል። በአሥራ አምስት ዓመት ፀሐይና አቧራ የደረቀ የበር ስፒከር ወረቀቱ ተሰንጥቆ እያለ ቴፑን ብቻ መለወጥ ጉርምርምታውን በአዲስ ቴፕ መስማት ነው። የበሩን ሽፋን አስወልቆ በዓይን ማየት ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስፒከር ሲጨመር ግን በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን እንዳይቀጠሉ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ተደምረው 2 ኦም ስለሚሆኑ ቴፑ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና። ከቴፕ ኋላ ከሚወጡት ሽቦዎች ውስጥ በተለመደው አሠራር ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ፣ የጣቢያና የሰዓት ትዝታ የሚጠብቅ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ሻሲ የሚታሰር ነው። ቢጫውና ቀዩ ከተለዋወጡ መኪናው በጠፋ ቁጥር የመረጣችሁት ጣቢያ ሁሉ ይጠፋል። የቸኮለ ገጣሚ ይህን ለማምለጥ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከባትሪው ጋር ያስራቸዋል። ይህ ትዝታውን ያድናል፤ ቴፑ ግን ቁልፉ ከተነቀለ በኋላም ነቅቶ ያድራል።

የሚያስከትለውን በቁጥር እንየው። ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ የሚወስደው ኃይል ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ይመረጣል። በመጥፎ የታሰረ ቴፕ 300 ሚሊ አምፔር ቢወስድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የትንሽ መኪና ባትሪ 36 ቢሆን፣ ዓርብ ማታ የቆመ መኪና ሰኞ ጠዋት ግማሹን ባትሪ አጥቶ ይገኛል፤ ባትሪው አርጅቶ ከሆነም ሞተሩ አይነሣም። ስብሰባው በሁለት ሰዓት ተኩል ያለበት ወጣት ሹም ጎረቤቱን «እባክህ ወንድሜ፣ ግፋልኝ» እያለ ሲለምን፣ ጥፋተኛው ባትሪው ይመስለዋል። ባትሪም ይገዛል። እርሱም እንደ ፊተኛው በሳምንቱ ይደክማል።

ስለዚህ ገጣሚው መቁረጫውን ሲያነሣ አስቁሙት። የመኪናውን ሶኬት ሳይቆርጥ ከአዲሱ ቴፕ ጋር የሚያገናኝ መጋጠሚያ ሶኬት ይሸጣል፤ ሶማሌ ተራ ከኮልፌ ሩቅ አይደለምና ጠይቁ። ተገጥሞ ሲያበቃም ቁልፉን አስነቅላችሁ በአምፔር መለኪያ አስለኩት። እምቢ ያለ ገጣሚ ዘንድ መኪናችሁን አትተዉ።

ስለ ትልልቆቹ ባለ አንድሮይድ ስክሪኖች ብዙ አንልም። ካርታና የኋላ ካሜራ ለሚያስፈልገው ሰው ይጠቅማሉ። ርካሾቹ ግን ለመነሣት ይዘገያሉ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ይፈዛሉ። ስልኩን በብሉቱዝ ለሚያገናኝ ሰው ተራው ቴፕ ይበቃል፤ ፊቱ የሚነቀል ከሆነ ደግሞ መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና የተሻለ ነው፤ ባለቤቱ ነቅሎ በኪሱ ይዞት ይገባልና።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፤ ጮክ ሲል ሁሉም ቴፕ ጥሩ ይመስላል። የዘፈኖቹ ስም በአማርኛ ተጽፎ ከሆነ በብዙዎቹ ላይ ፊደሉ ሳይሆን ባዶ ሣጥን ይወጣል፤ ይህ ብልሽት ስላልሆነ አትጣሉ። ፍላሹን ጨርሶ አላነብም ካለም በፋት 32 ያልተሰናዳ ሊሆን ይችላል።

አይሱዙ ወይም ሌላ የጭነት መኪና ላለው ዘመድ የምትገዙ ከሆነ ቮልቱን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ለ12 የተሠራ ቴፕ መቀነሻ ሳይደረግለት በተሰካበት ቅጽበት ይነድዳል። ከዳሽቦርዱ የወጣውን የፋብሪካ ቴፕ ደግሞ ከነብሎኑ ጠቅልላችሁ ቤት አስቀምጡት እንጂ ለገጣሚው አትተዉለት፤ መኪናውን ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃችኋል።