በአንድ ዶላር የተገዛው መሬት

ላቭ ካናል በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ በናያጋራ ፎልስ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው በ1890ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከናያጋራ ወንዝ ውኃ ጠልፎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ቦይ ማስቆፈር ከጀመረው ከዊሊያም ላቭ ነው። ገንዘብ አለቀና ቦዩ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ከ1942 ጀምሮ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ አሥር ዓመት ያህል 21 ሺሕ ቶን ገደማ መርዛማ ዝቃጭ ጣለበት፤ ከዚያም በሸክላ አፈር ደፈነው።

ነዋሪው እየበዛ የሄደባት ከተማ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቦታ አስፈልጓት ነበር። የትምህርት ቦርዷ በኤፕሪል 1953 ይህን መሬት ከሁከር በ1 ዶላር ገዛ። ውሉ ቦታው በኬሚካል ተረፈ ምርት መሞላቱን ጠቅሶ፣ ወደፊት በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኩባንያው እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ሁከር ለዓመታት የሙጥኝ ያለው ይህችኑ አንቀጽ ነው። ማስጠንቀቁ እውነት ነው፤ ውሉን የፈረመው ግን ቦርዱ እንጂ በኋላ በአካባቢው ቤት የገዙት ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹም ከሥራቸው ምን እንደተቀበረ አያውቁም ነበር።

ትምህርት ቤቱ በ1955 ተከፈተ፤ ዙሪያው በመኖሪያ ቤት ተሞላ። የመንገድና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ የሸክላው ግድግዳ ተሸነቆረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በረዶና ዝናብ ሲበረታ፣ ጉድጓዱ እንደ ሞላ እንስራ ገንፍሎ ኬሚካሉ በየቤቱ ምድር ቤት ብቅ አለ። በኦገስት 1978 የግዛቱ ጤና ኃላፊዎች ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ሰፈሩን እንዲለቁ መከሩ፤ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በመጀመሪያ የወጡት ለጉድጓዱ የቀረቡ 239 ቤተሰቦች ነበሩ። ሎይስ ጊብስ የተባለች የሰፈሩ እናት የመራችው ትግል ግን ሌሎቹም እስኪወጡ አልቆመም።

በዲሴምበር 1979 የፌዴራል መንግሥት ሁከርን ሲከስ፣ ከተማዋንና የትምህርት ቦርዱንም በተከሳሽነት ጨመረ። ከተማዋ በአንድ ወገን ተጎጂ፣ በሌላ ወገን ተጠያቂ ሆነች። ክርክሩ በሂደት ላይ ሳለ፣ በ1980 መጨረሻ «ሱፐርፈንድ» የሚባለው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የተበከለን መሬት የማጽዳት ወጪ የሚጠየቀው ዝቃጩን የጣለው ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ የወቅቱ ባለቤትም ጭምር ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ገዢና ሻጭ «እኔ አልጠየቅም» ብለው ቢዋዋሉ ውሉ እርስ በርሳቸው ያስራቸዋል እንጂ መንግሥትን አያግደውም። የሁከር አንቀጽ ጉልበት ያጣው እዚህ ላይ ነው። ሳይገዛ በፊት ተገቢውን ምርመራ አድርጎ ብክለቱን ላላገኘ ገዢ መከላከያ የተሰጠው በ1986 ነው፤ በ1953 አስጠንቅቀውት ለገዛ ግን ያ በር ዝግ ነው።

ነዋሪዎቹ ያቀረቡት ክስ በ1983 ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ካሳ በስምምነት ተቋጨ። በመንግሥት ክስ ዳኛ ጆን ከርቲን በ1988 ሁከርን የወረሰው ኦክሲደንታል ኩባንያ ለጽዳቱ ወጪ ተጠያቂ መሆኑን ወሰኑ፤ በ1994 ግን ግዛቱ ለቅጣት የጠየቀውን 250 ሚሊዮን ዶላር አልፈቀዱም። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለኒውዮርክ ግዛት 98 ሚሊዮን፣ በቀጣዩ ዓመት ለፌዴራል መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ተከራካሪዎች እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም፦ ጠበቃና ባለሙያ ሲከፈል ዓመታት ያልፋሉ፣ ፍርዱም አስቀድሞ አይታወቅም፤ የተስማማው ወገን ደግሞ ሌሎች ተጠያቂዎች «ድርሻህን አምጣ» ብለው በዚያው ጉዳይ እንዳይከሱት ከለላ ያገኛል። ስምምነቱ የሚጸናው ዳኛ ሲያጸድቀው ነው።

ላቭ ካናል በ2004 ከፌዴራሉ የጽዳት ዝርዝር ተሰርዟል። ዝቃጩ ግን አልወጣም፤ ታጥሮና ተደፍኖ ከመሬት በታች ይገኛል፣ ከሥሩ የሚጣራው ውኃም ዛሬም እየተሳበ ይታከማል።